ሲሄዱ የሚደረገው

ልደታ፣ እሑድ መጋቢት ፳፩ ቀን ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.

ሐረር ባለፈው ረቡዕ ተለቀቀች።

ይድረስ ለወንድሜ። ይህ ወረቀት ወባው ለቆህ፣ እህል መቅመስ ጀምረህ እንዲያገኝህ እመኛለሁ። ነጋዴዋ ዙሃራ ከጅማ ስትመለስ ፊትህ ገርጥቶ እንዳየችህ፣ ኮትህም ከትከሻህ ሰፍቶ እንደ ነበር ነግራኛለች። ኪኒን ታገኛለህ ወይ? ካላገኘህ ለሷ ንገራት፤ የጠመንጃ ያዥ ሰፈር ነጋዴዎች ማን ዘንድ እንዳለ ያውቃሉ። እኔን ብትጠይቅ፣ ዓይኔ ከደቃቅ ፊደል ጋር ተጣልቶ መነጽር አስቀየረኝ እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም። ሥራዬም ያው ነው። ጧት ወደ ማተሚያ ቤት እሄዳለሁ፣ ፊደል እለቅማለሁ፣ ጣሊያኖቹ ድል አደረግን ያሉትን እደረድራለሁ፣ ከሥራ ስንወጣ እመለሳለሁ። ኪሴ ውስጥ ያለው የመታወቂያ ወረቀት አሁንም የጎረቤታችን የሸዋንግዛው ነው፣ ነፍሱን ይማርና። በማተሚያ ቤቱ በሱ ስም መጠራት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆነኝ። አንዳንድ ቀን ሁለተኛ እስኪጠሩኝ ድረስ ዝም እላለሁ፤ ጆሮው ደንቁሯል ይሉኛል።

በዙሃራ አፍ የላክኸው ጥያቄ ደርሶኛል። ጣሊያኖቹ ሲሄዱ ልደታ ልመለስ ወይስ አልመለስ ብለሃል። ከነሱ ጋር አብሬ አልሄድም፣ አገሬ ልደታ ነው፣ ግን በሬ ላይ የሚጠብቀኝ ማን እንደ ሆነ ልወቅ ብለሃል። ጥያቄህን ለማኅበሩ አቅርቤዋለሁ። መልሱ ገና አልወጣም። ለምን እንዳልወጣ ለመንገር ከአራት ዓመት ወዲህ እዚህ የተደረገውን መጻፍ አለብኝ፤ አንተ ከዚያ የካቲት በኋላ ከጣሊያን አለቆችህ ጋር አስተርጓሚ ሆነህ ጅማ ስለ ወረድክ አታውቀውም። ረዘም ይላል፤ ታገሠኝ። አንብበህ ስትጨርስ አቃጥለው።

የልደታ ማኅበራችን ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን መሰብሰቡን አላቋረጠም። ጣሊያኖቹ ጽዋ ለመጠጣት የሚሰበሰብን ሰው አይከለክሉም፤ አንድ ጊዜ መጥተው አይተውን፣ ጠላውን ቀምሰው ፊታቸውን አጨማደው ሄደዋል። ሸዋንግዛው የማኅበሩ አለቃ፣ ሙሴያችን እንደ ነበር ታስታውሳለህ። እሱ ከሞተ በኋላ ሙሴነቱ ለሚስቱ ለእትዬ ፀዳለ ተሰጠ። ሴት እንዴት ሙሴ ትሆናለች ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ። ከእነሱ ዋነኛው የቀድሞው የጉምሩክ ጸሐፊ፣ አቶ ኃይለመለኮት ነበሩ። እኔ ጸሐፊ ሆንኩ። ሃያ ሦስት ነን።

በኅዳር ፲፱፻፴ ዓ.ም. ጽዋው ከዞረ በኋላ እትዬ ፀዳለ፣ ከዛሬ ጀምሮ በየወሩ አንድ ነገር እንነጋገራለን፤ ጣሊያኖቹ ሲሄዱ ምን እንደምናደርግ አሉ። ያን ጊዜ ከተማው ገና የቃጠሎ ሽታ አልለቀቀውም ነበር። አቶ ኃይለመለኮት፣ አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬ የመጣሽበትን አስፋልት አላየሽም ወይ፣ ሊሄድ ያሰበ ሰው አስፋልት ያነጥፋል? አሉ። እትዬ ፀዳለም፣ አስፋልቱን ተሸክመው አይሄዱም፤ እሱም አንድ የምንነጋገርበት ነገር ነው፤ መዝግበው አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም እየሳቅሁ መዘገብኩ። በመዝገቡ ላይ የጻፍኩት «ሲሄዱ» የሚለውን ቃል ብቻ ነው፤ ማን እንደሚሄድ አይጠቅስም።

እኔ ተስፋ በሚባለው ነገር እጁ የቆሸሸ ሰው መሆኔን ታውቃለህ። ከጦርነቱ በፊት በጋዜጣችን ላይ ጠላት ከተራራው አያልፍም የሚለውን በትልቁ ፊደል የደረደርኩት በእነዚህ ጣቶቼ ነው። ያን ያሉት ሹማምንት ወዴት እንደ ሄዱ አልጠይቅም። ከዚያ ደግሞ የጣሊያኖቹን ተስፋ ደረደርኩ፤ መንገዱን፣ ሰላሙን፣ ማለቂያ የሌለውን መንግሥት። ሁለቱም የሚፈጁት ፊደል አንድ ዓይነት ነው። በሁለቱም ውስጥ ተናጋሪው ራሱ ነገ ጧት ተነሥቶ ምን እንደሚሠራ አልተጻፈም። ስለዚህ እትዬ ፀዳለን የባሏ ሐዘን ያናወዛት ሴት አድርጌ ነበር የማያቸው። ከአቶ ኃይለመለኮት ጎን ነበርኩ ማለት ነው። እሳቸው ያለውን ይቆጥራሉ፤ የሌለውን አይጨምሩም። ለሰው የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ መሪ ነው እል ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት የአውሮፕላኑን ሜዳ ለማስፋት ሠላሳ አራት ቤት ይፍረስ ተባለ። የፍርድ ቀን የመጣ ያህል ነበር። አንዳንዱ ልሙት አለ፣ አንዳንዱ ጫካ ልግባ አለ። አቶ ኃይለመለኮት ኮታቸውን ለብሰው የጣሊያኖቹ ሹም ዘንድ ሄዱ። ቤቱ እንደሚፈርስ ቀድመው ተቀብለው ነው የሄዱት፤ የጠየቁት ቀን ብቻ ነበር። አሥራ ሁለት ቀን አግኝተው ተመለሱ። በዚያ አሥራ ሁለት ቀን ሰው ማገሩን፣ ወራጁን፣ ቆርቆሮውን አወጣ። እሳቸው ባይሄዱ ኖሮ ሁሉ ከጭቃው ጋር ይደፈጠጥ ነበር። ይህን ማንም አይረሳላቸውም።

በእነዚያ ቀናት እትዬ ፀዳለ ምን ያደርጉ እንደ ነበር ልንገርህ። ከቤት ቤት እየዞሩ፣ እያንዳንዱ ባለቤት በግቢው አራት ማዕዘን ላይ ክንድ ተኩል ቆፍሮ ከሰል እንዲቀብር ያደርጉ ነበር። ከሰል አይበሰብስም፤ በላዩ አፈር ቢደለድሉበትም፣ ሲቆፈር ጥቁር ሆኖ ይገኛል። ቀጥለው እኔን ይዘውኝ ወጡ፤ ገመድ ያዝኩላቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ጀምረን እስከ እያንዳንዱ ከሰል ድረስ ለካን፣ ቁጥሩን ጻፍኩ። መቶ ሠላሳ ስድስት ማዕዘን ነበር። አቶ ኃይለመለኮት ማገር ከሚያስጭኑበት ቆመው አይተውን፣ ፀዳለ፣ ቀን ታልሚያለሽ እንዴ? አሉ። እትዬ ፀዳለ ቀና ሳይሉ፣ እርስዎ አሥራ ሁለቱን ቀን አግኝተዋል፤ የቀረውን ለእኔ ይተዉልኝ አሉ።

ወረቀቱ አሁንም አለ። የት እንዳለ አልጽፍልህም። ያን ቀን ገመዱን ይዤ የሠላሳ አራተኛውን ቤት የመጨረሻ ማዕዘን ስጽፍ አንድ ነገር ገባኝ፤ ወይም ሊገባኝ ጀመረ። የኒህ ሴት ተስፋ በክንድ የሚለካ ነው። ጣሊያኖቹ ይሄዳሉ ካሉ፣ በሚቀጥለው ሰዓት የሚሠሩት ሥራ አላቸው፤ ሥራው ደግሞ ወገብ የሚያጎብጥ ነው። እንዲህ ያለ ተስፋ አይቼ አላውቅም ነበር። ፈራሁት እልሃለሁ። ተራራ ሥር ቆሞ ቀና እንደሚል ሰው አንገቴ ደከመ።

ወደ ጉዳይህ እየመጣሁ ነው።

ባለፈው ነሐሴ፣ ጣሊያን ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት በገጠመ በሁለተኛው ወር፣ እትዬ ፀዳለ ትልቁን ነገር አነሡ። ጣሊያኖቹ ሲወጡ፣ ሌላ መንግሥት እስኪገባ ድረስ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት እንዴት ይለፉ? የሳቸው ሐሳብ፣ በሦስቱ ቀን ውስጥ ማንም ሰው የማንንም ደጃፍ አይረግጥም የሚል ነበር። የጣሊያኑን ሠራተኛ ቤት አይረግጥም፤ ለጣሊያን ያደረውንም ሰው ቤት አይረግጥም። ሰንጋ ተራ ያለው ወፍጮ፣ ዳቦ መጋገሪያው፣ የቧንቧው ውሃ ጠባቂ ይመደብላቸዋል።

አቶ ኃይለመለኮት ያን ዕለት አልሳቁም። ፀዳለ፣ ይህ የአራት ዓመት ቁጣ ነው፤ በሩ ላይ ቆመሽ ሦስት ቀን ጠብቅ ልትይው ነው? አሉ። ቆሜ አይደለም፣ እርስዎን አጠገቤ አስቀምጬ ነው አሉ እትዬ ፀዳለ። ቀጠሉ አቶ ኃይለመለኮት፤ ሰው ምን እንደ ሆነ አታውቂም አላልኩም፤ ከሁላችን በላይ ታውቂያለሽ፤ እኔ የማልችለው፣ አውቀሽ ሳለ እንዲህ ማሰብሽን መረዳት ነው አሉ። እትዬ ፀዳለም፣ ሰው እንደሚቆጣ ስለማውቅ ነው ወፍጮውን የማስጠብቀው፤ ቁጣው የለም ብዬ ቢሆን ጠባቂ ለምን እመድባለሁ? አሉ። ዙሃራ ማኅበርተኛ ባትሆንም ለዚህ ጉዳይ ተጠርታ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። በጠመንጃ ያዥ በኩል ያለውን እኔና ባሌ እናያለን፤ እኛ እንደሆን አንጠጣም፣ ሦስት ቀን አይከብደንም፤ እናንተ የራሳችሁን ሰካራም ያዙ አለች። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ቀለለ።

ለጣሊያን ስላደሩት ሰዎች ግን ሦስት ቀን አልፎስ ምን ይሁን የሚለው ቀረ። ደንቡን በመጨረሻ የሠሩት አቶ ኃይለመለኮት ናቸው። በሰፈሩ ልኑር የሚል ሰው ያደረገው ነገር በማኅበሩ ፊት ይነገራል። የሚናገረው ያየ ወይም የሰማ ሰው ነው። የተበደለው ሰው አይመሰክርም፣ አይፈርድምም፤ ሐዘን ነገር ይጨምራልና። ከዚያ በኋላ ማኅበሩ ይኑር ወይም ይሂድ ይላል። እትዬ ፀዳለ ይህን ሲሰሙ መዝገቡን ወደ እኔ ገፉት። ቀጥለው፣ ጻፍ አሉኝ። ጻፍኩ። ይህ ደንብ ማንን ዝም እንደሚያሰኝና ማንን እንደሚያናግር በዚያች ሰዓት የገባን በክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን።

በጥር ሀብተሥላሴ ሞተ። ታውቀዋለህ፤ የሰው ስም እየጻፈ ለጣሊያኖቹ ይሰጥ የነበረው ሀብተሥላሴ። ተስቦ ነው የገደለው። ሰው ልቅሶውም ላይ አልደረሰም። እትዬ ፀዳለ ግን ይህ ፈተናችን ነው አሉ። የሞተውን ካልቀበርን በሕይወት ያለውን ሦስት ቀን እናሳልፈዋለን ብለን ራሳችንን አናታልል፤ ምን ያህል ሰው ቀብር ይወጣል? ብለው ጠየቁ። አቶ ኃይለመለኮት አሥራ አንድ አሉ፤ ዘመዶቹን ቆጥረው ነው። እትዬ ፀዳለ አርባ አሉ።

እኔ እንደ ልማዴ ቆጠርኩ። ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ በሟቹ ደጃፍ ከዘመዶቹ ሌላ ሠላሳ ሰባት ሰው ቆሞ ነበር። ከእነሱ ውስጥ ዘጠኙ በዚህ ሰው ጥቆማ ቤተሰብ የሞተባቸው ናቸው። አስከሬኑ ወጥቶ ቃሬዛው ላይ ሆነ። የሚያነሣው ጠፋ። ሰው መጥቷል፣ ቆሟል፣ ነጠላውን አጣፍቷል፤ እጁን ግን አይዘረጋም። ካህኑ ጸሎቱን ደገሙት። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደዚያ ቆምን፤ ሰዓቴን ያየሁት ሌላ የማየው ስላጣሁ ነው። እትዬ ፀዳለ ከሴቶቹ መካከል ነበሩ፤ አንድ ቃል አልተናገሩም፣ ማንንም አላዩም።

ከሰው መሐል አቶ ኃይለመለኮት ወጡ። ስልሳ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ወገባቸው እንደሚያማቸው አንተም ታውቃለህ። ከዘራቸውን ለእኔ ሰጡኝ። የቃሬዛውን የፊት ቀኝ ጫፍ ያዙና ወደ ሰዉ ዞረው፣ ከባድ ሰው ነው፤ ብቻዬን አልችለውም አሉ። አንድ ሰው መጣ። ቀጥሎ ሁለት። ቃሬዛው ተነሣ።

ሲመለሱ ከዘራቸውን ስሰጣቸው ምን ነካዎት ብዬ ጠየቅኋቸው። ያን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ አልቆጠርኩም፤ ከመጣ በኋላ ግን የጎደለው አራት እጅ ብቻ መሆኑን አየሁ፤ አንዱ የእኔ ነው አሉ። ደግሞም ቆጣ ብለው፣ ለሷ እንዳትነግራት፤ ትኩራራብኛለች አሉ። እትዬ ፀዳለ ግን አልተኩራሩም። ቤት ስንደርስ የጠባቂዎቹን ዝርዝር አስወጡኝ። አርባ ብዬ ሠላሳ ሰባት መጣ፤ እንግዲህ ቃል ከገባው ሰው ከአሥር አንዱ ይቀራል ማለት ነው፤ ለየቦታው ተተኪ ጨምር አሉ። ያን ቀን ከሁለቱ ማንኛቸው ሕልም አላሚ፣ ማንኛቸው የእውነት ሰው እንደ ሆኑ ለመለየት ሞከርኩ። እስካሁን አልለየሁም። በጋዜጣ ሥራ ብዙ ሹም አይቻለሁ፤ እንደነዚህ ሁለት ሰዎች ግን አላየሁም፤ ቢሰጣቸው አገር የሚያስተዳድሩ ናቸው፤ የተሰጣቸው ልደታ ነው።

ጥያቄህን ትናንት ቅዳሜ አቀረብኩት። ወሩ ሳይገባ ለዚህ ጉዳይ ብቻ በእትዬ ፀዳለ ቤት ከቀትር በኋላ ተሰበሰብን። ዙሃራ እንደ ነገረችኝ ቃል በቃል ተናገርኩ። ከዚያ አቶ ኃይለመለኮት፣ ሞቶ ቢሆን ቃሬዛውን እሸከምለት ነበር፤ ሕይወት ያለውን ሰው ግን ጧት ጧት እንደምን አደርክ ማለት አለብኝ፤ የሚከብደኝ እሱ ነው አሉ። ወንድምህ ስለ ሆነ በፊትህ መናገሬን ይቅር በለኝም አሉኝ። ልክ ነዎት አልኳቸው።

እትዬ ፀዳለ ከመቀመጫቸው ተነሡ። በዚህ ጉዳይ እኔ የተበደልኩ ነኝ፤ ደንቡን ያጸደቅሁትም እኔ ነኝ፤ እስኪያልቅ ድረስ ሙሴ እርስዎ ነዎት ብለው ጽዋውን ለአቶ ኃይለመለኮት ሰጧቸው። ወደ ጓሮ ወጥተው ጎመን ውሃ ማጠጣት ጀመሩ። በመስኮቱ ይታዩ ነበር። አንድ ቆርቆሮ ውሃ አፍስሰው ሌላ ሊቀዱ ሲሄዱ፣ እርምጃቸው ሳይፈጥን ሳይዘገይ፣ እኛ የምንነጋገረውን የማይሰሙ መስለው ይሠሩ ነበር።

አቶ ኃይለመለኮት፣ እንግዲህ ያየ ወይም የሰማ ማን አለ? ብለው ጠየቁ። የሸዋንግዛውን መወሰድ ከሚስቱ በቀር በዓይኑ ያየ የለም፤ አንተ ከወታደሮቹ ጋር ስትገባ ከመንገድ ያዩህ አሉ፤ በግቢው ውስጥ የተባለውን ግን አያውቁም ተባለ። እኔ መዝገቡን ይዤ ነበር። አንድ ምስክር አለ፣ በሚያዝያው ስብሰባ ይቀርባል አልኩ። ማን ነው? አሉኝ። ያን ጊዜ ትሰማላችሁ አልኩ። እንዲያው ያለ ምስክሩ ቢቆጠር ይቀበሉታል የምላቸው ከሃያ ሦስታችን ስምንት ናቸው፤ ምስክሩ ከተናገረ በኋላ እንደገና እቆጥራለሁ አሉ አቶ ኃይለመለኮት። ከጓሮ እትዬ ፀዳለን ጠርቶ የሳቸውን ቁጥር የጠየቀ ሰው ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥር አልሰጡም።

ወንድሜ፣ ስለዚያች ቅዳሜ ጧት በመካከላችን ተጽፎ አያውቅም፤ ተነግሮም አያውቅም። የካቲት አሥራ ሦስት ቀን ነበር። ጋዜጣ ላይ የሠራ ሰው ሁሉ ይፈለግ ነበር፤ በወታደሮቹ ወረቀት ላይ ከልደታ አንድ ስም፣ የእኔው ስም እንደ ነበር አውቃለሁ። እኔ በእትዬ ፀዳለ ቤት፣ ከጎታው ጀርባ ነበርኩ። ጎታው ከበሩ ስምንት እርምጃ ነው፤ ኋላ ለክቼዋለሁ። ከስምንት እርምጃ የሚነገር ነገር ይሰማል። ያን ጊዜ ጣሊያንኛ አላውቅም ነበር፤ የተናገርከውን ድምፅ ብቻ ያዝኩ፤ በማተሚያ ቤቱ ሁለተኛ ዓመቴ ላይ ቃሉ አንድ በአንድ እየተፈታ መጣልኝ። አንተ ያን ቤት ከልጅነትህ ጀምሮ ታውቀዋለህ። ሰው የሚደበቅበት ቦታ አንድ ብቻ እንደ ሆነም ታውቃለህ። ሸዋንግዛው በግቢው እንጨት ይፈልጥ ነበር፤ ለወታደሮቹ የምትፈልጉት ይህ ነው ብለህ ያሳየኸው እሱን ነው። በዚያ ጧት ምን እንደ መረጥክ፣ ስለ ማን ብለህ እንደ መረጥክ ለመጠየቅ አራት ዓመት ሙሉ ብዕር አንሥቼ አስቀምጫለሁ። አሁንም አልጠይቅህም።

ይልቅ ይህን ልንገርህ። በአራተኛው ቀን፣ ገና በየመንገዱ አስከሬን ሳለ፣ እትዬ ፀዳለ ከጎታው ጀርባ አስወጡኝ፤ ፊቴን እንድታጠብ ውሃ ሰጡኝ። ከመሶቡ ሥር የባላቸውን ወረቀት አውጥተው በእጄ አስያዙኝ። ይህ ግብሩን የከፈለ፣ በጣሊያኖቹ ዘንድ ክስ የሌለበት ሰው ወረቀት ነው፤ ያዘው፤ አንተ አሁን በወረቀታቸው ላይ የሞትክ ነህ፤ ሲሄዱ ጋዜጣ የሚያወጣ ሰው ያስፈልገናል አሉኝ። ሲሄዱ አሉ። በየካቲት አሥራ ስድስት፣ ፲፱፻፳፱ ዓ.ም.፤ ባላቸውን ገና አልቀበሩም፤ አስከሬኑን የሰጣቸው የለም። ያን ዕለት ለመኖር ብቻ ስለምቸኩል ቃሉን አልሰማሁትም። ኋላ ከኅዳሩ መዝገብ ጋር ሳስተያየው ነው፣ የመጀመሪያው ስብሰባቸው ከእኔ ጋር የተደረገ መሆኑን ያወቅሁት። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ከእሳቸው ጽዋ እጠጣለሁ። አንድ ቀን እንኳ በፊታቸው ላይ ጥያቄ አላየሁም። እንዴት እንደሚቻል አላውቅም። እንደማላውቅ ብቻ ነው የምጽፍልህ።

ትናንት ሰዉ ከተበተነ በኋላ እስከ በሩ ሸኙኝ። እጃቸው ገና ጭቃ ነበር። ያን ቀን ስምህን ሲጠሩ ባሌ አቤት ሲል ሰምተሃል? አሉኝ። በአራት ዓመት ውስጥ ይህን ሲያነሡ የመጀመሪያቸው ነው። ሰምቻለሁ አልኳቸው። ዞሮ አየኝ፣ መጥረቢያውን ከግንዱ ላይ አስቀመጠ፣ ከዚያ ነው አቤት ያለው፤ እኔ አልመሰክርም፤ አንተ ግን የሰማኸውን ሁሉ ስትናገር አቤት ማለቱን እንዳትተው፤ ሰው አሳልፎ የሰጠው ብቻ እንዳይመስላቸው፤ እሱም የሰጠው ነገር አለ አሉኝ። እሺ አልኩ። ብትዘገይም አላስቸኮልኩህም፤ ከእንግዲህ ግን ጊዜው አጭር ነው ብለው በሩን ዘጉት።

በወረቀቴ ላይ ያለው ስም እንዴት ወደ እኔ እንደ መጣ ማኅበሩ ሲሰማ፣ አቶ ኃይለመለኮት እንደገና የሚቆጥሩት ያንተን ጉዳይ ብቻ እንደማይሆን አውቃለሁ። አንተም እወቀው። ወንድሜ ነህና ዝም ብል የምጠቅምህ መስሎኝ ነበር፤ ዝም ካልኩ ግን ስምንቱ ስምንት ሆነው ይቀራሉ። ብናገር ስንት እንደሚሆኑ አላውቅም፤ ሊያንሱም ይችላሉ። ቁጥር ማወቅ የለመድኩ ሰው ነኝ፤ ይህን አላወቅሁትም።

ከሜዳው ጣሊያኖቹ በርሜል እየጫኑ ነው። በማተሚያ ቤት ነገ የምንደረድረው ስለ ሐረር አንድ ቃል የለውም። የእንግሊዝ አውሮፕላን ዛሬም ጧት በላያችን አልፏል፤ ሰው በየደጃፉ ወጥቶ ቀና ብሎ አየው፤ እትዬ ፀዳለ ግን ቀና ያሉት የወፍጮው ጠባቂዎች በየቦታቸው እንዳሉ አይተው ከተመለሱ በኋላ ነው ይባላል። ዝርዝሩን ሦስት ጊዜ ገልብጬዋለሁ። ስልሳ ሁለት ጠባቂ፣ ለእያንዳንዱ ተተኪ። ሦስቱ ቀን መቼ እንደሚጀምር የሚያውቅ የለም።

ይህን ወረቀት ለዙሃራ ነገ ጧት እሰጣታለሁ። መንገዱ ክፉ ነው፤ ሰላም ደርሳ ካገኘችህ አንድ ቃል መልስላት፤ ጤንነትህን ብቻ ብትነግራት ይበቃኛል። ልደታ ማርያም ከወባውም ከመንገዱም ትጠብቅህ። የምትፈራውን ሰው ልብ ታራራልህ፤ አንተን የሚፈራ ካለም ፍርሃቱን ታንሣለት። የእናታችን ጸሎት ባለህበት አይለይህ።

ማኅበሩ የሚሰበሰበው ረቡዕ ሚያዝያ አንድ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ በአቶ ኃይለመለኮት ቤት ነው። ከምስክሩ በፊት ማንም አይናገርም። ውሳኔው በዚያው ዕለት ይጻፋል፤ እስከዚያ ከጅማ አትነሣ።

ታላቅ ወንድምህ